ጀርባዬን ሰጥቻት ሻይ የጠጣሁባት ከተማ

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ጤና ይስጥልኝ። የጋዜጣችሁ የቆየ ደንበኛ ነኝ። ድሬዳዋ፣ እኛ ሰፈር፣ ጋዜጣው አንዳንዴ ሁለት ቀን ዘግይቶ ይደርሳል። ቢሆንም ከፊት ገጹ እስከ ጨረታ ማስታወቂያው ሳላዳርስ አላስቀምጠውም። ጡረታ የወጣ ሹፌር ሌላ ምን ሥራ አለው?

ሰሞኑን ስለ አገራችን የድሮ ከተሞች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሳነብ ግን ሻዬ እጄ ላይ ቀዘቀዘ። ነገሩ ወዲህ ነው። ጸሐፊው አክሱምን አነሱ፣ ላሊበላን አነሱ፣ ጎንደርን አነሱ። በመሃል ያለውን ዘመን «ነገሥታቱ በድንኳን ስለሚዞሩ ከተማ አልነበረም» ብለው ዘለሉት። ከጎንደር በኋላ አዲስ አበባና ባቡር መጡ፣ ታሪኩም አለቀ። ምሥራቁ አንዴ ብቻ ተነሳ። ሐረር፣ ያውም በቅንፍ ውስጥ፣ «የግንብ አጥር ያላት» ተብላ።

በቅንፍ!

እኔ የታሪክ ሰው አይደለሁም። በ1968 ዓ.ም. ረዳት ሆኜ ጀመርኩ፣ በ2006 ዓ.ም. መሪውን ለቀቅኩ። 38 ዓመት ሙሉ የነዳሁት ግን ጸሐፊው በዘለሉት አገር ላይ ነው። እስከ 1990 ዓ.ም. አሰብ፣ ከዚያ በኋላ ጅቡቲ። ደረቅ ጭነት። የታሪክ መምህር የሆነች ልጅ አለችኝ፤ ቀኑንና ስሙን የምትነግረኝ እሷ ናት። መንገዱን ግን እኔ ነኝ የማውቀው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው፤ የራሴን ጉዳይ ግን በእኛው።

በመጀመሪያ ለጸሐፊው ሐቃቸውን ልስጥ። የድንኳኑ ነገር እውነት ነው። «ከተማ» የሚለው ቃላችን ራሱ ከሰፈር የመጣ ነው። ከተመ ማለት ሰፈረ ማለት ነው፤ ንጉሡ የከተመበት ከተማ ተባለ። በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የዐፄ ልብነ ድንግልን ሰፈር አይቶ ጽፏል። ድንኳኑ ሁሉ ቦታው የታወቀ ነው። ገበያው የት እንደሚቆም፣ ቤተ ክርስቲያኑ የት እንደሚተከል ሥርዓት አለው። ሰፈሩ ሲነሳም ከተማው አብሮ ይነሳል። ይሄን ማንም አይክድም።

እኔ የማልቀበለው ከተማን ሲፈልጉ ንጉሡን ብቻ ተከትለው መሄዳቸውን ነው። ንጉሥ ድንኳኑን ነቅሎ ሊሄድ ይችላል። ጭነት ግን ዳገት ሥር ሲደርስ የግድ ይቆማል። ዳገት ሥር የቆመ ጭነት ደግሞ ውኃ ይፈልጋል፣ ማደሪያ ይፈልጋል፣ የሚጠብቀው ሰው፣ የሚገዛው ሰው፣ ቀረጥ የሚቀበለው ሰው ይፈልጋል። ይሄን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም። አንድ ሌሊት ሸዋ ሮቢት ማደር ይበቃል።

ሸዋ ሮቢትን ካነሳሁ አይቀር እዚያው ልቆይ። በአሰብ ዘመን እዚያ ያላደረ ሹፌር የለም። ከአዲስ አበባ ተነስተህ ጣርማበር ላይ በብርድ ትንቀጠቀጣለህ። ዋሻውን አልፈህ በከባድ ማርሽ ወደ ደብረ ሲና ትወርዳለህ። ፍሬኑ ይሸታል፣ ረዳቱ ይጸልያል። ሸዋ ሮቢት ስትደርስ ሙቀቱ ይቀበልሃል። ጃኬትህን ታወልቃለህ፣ ሻይ ታዛለህ። እኔ የምቀመጥባት አንዲት ሻይ ቤት ነበረች። ሁልጊዜ ፊቴን ወደ አስፋልቱ አድርጌ ነው የምቀመጠው፤ መኪናዬን መጠበቅ አለብኝ። ተራራው ከጀርባዬ ነው።

ልጄ ናት የነገረችኝ። ከጀርባዬ፣ በዚያ ተራራ እጥፋትና ጉብታ ላይ፣ የድንጋይ ከተሞች ነበሩ። ኖራ፣ አስበሪ፣ መሳል። ፈረንሳውያንና ኢትዮጵያውያን አጥኚዎች በእኛ 1990ዎቹ መጨረሻ ገደማ አንድ በአንድ እየዞሩ አይተዋቸዋል። መስጊድ፣ የድንጋይ መኖሪያ ቤት፣ መቃብር። ከእነሱ ደግሞ የምትበልጥ አለች። የወላስማ ሱልጣኖች፣ የይፋት እስላም ገዥ ቤተሰብ ማለት ነው፣ መቀመጫ፣ አውፋት። እኛ ይፋት የምንለው ስም ማለት ነው። የሱልጣኖቹ መቃብር በዓረብኛ ጽሑፍ የተቀረጸ ድንጋይ አለው፤ ከተማዋን ለመለየት የረዳው እሱ ነው። ስንት ሺህ ብርጭቆ ሻይ ጀርባዬን ሰጥቻቸው ጠጣሁ!

በ2008 ዓ.ም. ልጄን «እስኪ አሳዪኝ» አልኳት። በሌላ ሰው መኪና ተሳፋሪ ሆኜ ወደ ኖራ ሄድኩ። ለሹፌር ይሄ ራሱ ቅጣት ነው፤ እግሬ የሌለ ፍሬን ሲረግጥ ዋለ። ከመኪና ወርደን በእግር ወጣን። የአካባቢው ሰው፣ አንድ አርጎባ ሽማግሌ፣ መራን። እሾኹ ሱሪዬን ቀደደው። ከዚያ ድንገት ግድግዳ ቆሞ አየሁ። እንደ አጥር ድርድር አይደለም። ድንጋዩ በአንድ በኩል ተጠርቦ ፊቱ ለስልሷል፤ በድንጋዮቹ መሃል ጣቴን ላስገባ ብሞክር አልገባ አለኝ። የመስጊዱ ሚህራብ፣ የጸሎቱን አቅጣጫ የሚያሳየው፣ ቅስቱ ሳይፈርስ ቆሟል። ሥሩ፣ ጥላው ላይ፣ አንዲት ፍየል ተኝታ ነበር። ሽማግሌው በዱላው ቀስ አድርገው አስነሷትና ጫማቸውን አወለቁ። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ግን ዝም ብዬ እኔም አወለቅኩ።

ከሚህራቡ ዞር ስል ከታች ያለው ሜዳ ወለል ብሎ ታየኝ። የአፋር ቆላ ነው። አቧራ ሲነሳ ማን እንደሚመጣ ከግማሽ ቀን በፊት ታያለህ። የዚህ ከተማ ሰው ሞኝ አልነበረም። ከበላዩ ደጋው አለለት፣ እህልና ብርድ። ከሥሩ ቆላው፣ ጨውና ግመል። እሱ ደረጃው ላይ ተቀምጧል። የወጣውም የወረደውም በደጁ ያልፋል።

ሽማግሌውን «እነማን ናቸው የሠሩት?» አልኳቸው። «ሰዎች ናቸው» አሉኝ። ትንሽ ቆይተው «እንደኛው» ብለው ጨመሩ። አርጎባዎች ዛሬም በድንጋይ ይሠራሉ፣ ዛሬም ተራራውን በእርከን ያርሳሉ። ከሚሴ አካባቢ ያለችውን ሾንኬን ያየ ሰው ያውቃል። ቤቶቹ ተራራው ጫፍ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ነው የቆሙት። ሰውም ይኖርባቸዋል።

ስለዚያ አገር የተጻፈም አለ። ኤንሪኮ ቼሩሊ የሚባል ጣሊያናዊ በ1941 አንድ አጭር የዓረብኛ ዜና መዋዕል አሳተመ። (ሰውየው በወረራው ጊዜ የፋሺስቱ መንግሥት ባለሥልጣን ነበር። እሱን ሌላ ቀን እናወራዋለን።) ጽሑፉ ስለ ሸዋ ሱልጣኔት ነው። በ1063 ስለሞተች ንግሥት ይናገራል። ስሟ ባዲት፣ የማያ ልጅ። ንጉሥ አይደለም ያልኩት፣ ንግሥት ነው። ጎንደር ከመቆርቆሯ ከ500 ዓመት በላይ ይቀድማል። በ1285 ወላስማዎች ያንን ሱልጣኔት ጠቅልለው ይፋትን አነገሡ።

ደማስቆና ካይሮ ሆኖ የጻፈው አል-ዑመሪ ደግሞ አለ። 14ኛው ክፍለ ዘመን ነው። አገራችንን በዓይኑ አላየም። ወሬውን ካገኘባቸው ሰዎች አንዱ የእኛው ሰው፣ ሼህ አብደላ አል-ዘይለዒ ናቸው። ሰባት የእስላም መንግሥታትን ይዘረዝራል፤ ይፋት፣ ደዋሮ፣ አረባብኒ፣ ሐድያ፣ ሸርኻ፣ ባሌና ዳራ። ይፋት ላይ የግብፅ ዲናርና ዲርሃም ይሠራ ነበር ይላል። እንግዲህ አስቡት። ከሸዋ ሮቢት በላይ ባለው ጉብታ ላይ ሰው በካይሮ ገንዘብ ይገበያይ ነበር። እኔ እዚያው ሻይ ቤት የጅቡቲ ፍራንክ ላወጣ ስል ባለቤቷ «ምን ላደርገው?» ብላ የሳቀችብኝ ትዝ አለኝ።

ስለ ጫትም ልንገራችሁ፤ ይሄን ሳልነግራችሁ ብቀር እንቅልፍ አይወስደኝም። በ1332 ዐፄ ዐምደ ጽዮንና የይፋቱ ሰብረዲን ተዋጉ። የንጉሡ ዜና መዋዕል እንደሚለው ሰብረዲን ሲፎክር የንጉሡን ከተማ መርዓዴን እይዛለሁ፣ እዚያም ጫት እተክላለሁ፣ እስላሞች ይወዱታልና ብሎ ነበር። ልጄ ይሄን ስታነብልኝ ከት ብዬ ሳቅሁ። ጦርነቱን ተሸነፈ፤ ፉከራው ግን ደረሰለት። ከአወዳይ የተነሳው ጫት ዛሬ በየማታው ሸዋን ሰንጥቆ ያልፋል። ያውም ሰዉ «አልቃይዳ» ባላቸው አይሱዙዎች ላይ ሆኖ፣ እኛ ባለተሳቢዎቹ ጥግ እየያዝንላቸው።

ወደ ዳገቴ ልመለስ። በ15ኛውና በ16ኛው ክፍለ ዘመን የመንገድ ወሬዎች ውስጥ ገንደበሎ የምትባል የገበያ ከተማ አለች። ከባሕር የመጡ ግመሎች እዚያ ያራግፋሉ። ከዚያ በላይ ግመል አይወጣም፤ ገደል ነው፣ ብርድ ነው። ጭነቱን በቅሎዎች ይረከባሉ። አጥኚዎቹ የፈለጓት አንኮበር ሥር፣ በዓልዩ አምባ ግድም ነው። ዓልዩ አምባን የሸዋ ሰው ያውቃታል፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመንም የሲራራ ነጋዴ ማራገፊያ የነበረች ናት። የሐረርና የታጁራ ቅፍለት እዚያ ነበር የሚያልቀው።

ይሄን ስሰማ ምን አልኩ መሰላችሁ? «ይቺማ ድሬዳዋ ናት!» የእኔ ከተማ እንዴት ተወለደች? ባቡሩ በ1902 ከጅቡቲ መጣ። ወደ ሐረር ሊወጣ ፈለገ፣ ተራራው ከለከለው። ሥሩ ቆመ፣ ጭነቱን አራገፈ። ከዚያ ወደ ላይ በበቅሎና በግመል። ባቡሩ የቆመበት ቦታ ድሬ ሆነ። ሰዉ ድሬን ፈረንጅ የፈጠራት ይመስለዋል። ፈረንጅ ያመጣው ሃዲዱን ነው። ዳገቱ ሥር አራግፎ ከተማ መሆን ግን የዚህ አገር የድሮ ሥራው ነው።

ማስረጃ ከፈለጋችሁ ከድሬ ወደ ሐረር ስትወጡ፣ የደንገጎን ዳገት ሳትጨርሱ፣ ሐርላ አለች። ከእኛ 15 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። እዚህ ግን የራሴን ጉድ መናዘዝ አለብኝ።

በ1968 ረዳት በሆንኩ በወሩ፣ ባለቤቱ ሌላ የሆነ ፊያት ኤንትሬ ላይ ነበርኩ። የሐርላ አካባቢ ራዲያተሩ ፈላ። ሹፌሩ ባልዲ አስይዞ ውኃ ላከኝ። ልጆች ከበቡኝ። አንዱ ከኪሱ ቀይ ዶቃ አወጣ። ግማሽ ጣት የሚያህል፣ ፀሐይ ላይ ስታደርገው ውስጡ እንደ ፍም የሚበራ። «ከየት አመጣኸው?» አልኩት። «ከመሬት» አለኝ። «የሐርላዎች ነው። ረጃጅም ሰዎች ነበሩ። ጠገቡ፣ እግዜር አጠፋቸው።» በሃምሳ ሳንቲም ገዛሁት። በክር አድርጌ የመኪናው መስታወት ላይ አሰርኩት። ሲዞር ሲወዛወዝ ከእኔ ጋር ስንት ዓመት አሰብ ደርሶ ተመለሰ።

በ2017፣ በእኛ 2009 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ማለት ነው፣ ልጄ ከስልኳ ዜና አነበበችልኝ። ከእንግሊዙ ኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ የመጡት ቲሞቲ ኢንሶል ከአገራችን የቅርስ ጥናትና ጥበቃ ባለሥልጣን ጋር ሆነው ሐርላን ቆፈሩ። የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ ወጣ። የጌጣጌጥ መሥሪያ ቤት ወጣ፤ ብር፣ ነሐስ፣ ድንጋይና መስታወት የሚሠራበት። የቻይና ሸክላ፣ ዛጎል፣ የ13ኛው ክፍለ ዘመን የግብፅ ሳንቲም። እና ዶቃ። የመስታወት ዶቃ፣ ካርኔሊያን የሚባለው ቀይ ድንጋይ...

«ቆይ» አልኳት። «ቀዩን እንደገና አንብቢው።»

ሆዴ ባር ባር አለ። ዶቃዬስ? ኤንትሬዋ ስትሸጥ መስታወቷ ላይ ቀረ። ማን እንደወሰደው እግዜር ይወቅ። ምናልባት ጋራዥ ውስጥ ተበጥሶ ግራሶ ውስጥ ገብቷል። ዛሬ ቢሆን አልገዛውም ነበር፤ ልጁንም «መልሰው» እለው ነበር። ያኔ ግን ዶቃ ዶቃ ነው። የሐርላ ሰው ከባሕር ማዶ ጋር ሲነግድ የኖረ አንጥረኛና ነጋዴ ነበር። እኛ ደግሞ ግዙፍ አድርገን፣ በጥጋብ አጥፍተን፣ ተረት ውስጥ ከተትነው። ድንጋዩ ትልቅ ስለሆነ ሰውየውም ትልቅ መሆን አለበት። ጋዜጣችሁ ላይ የጻፉት ሰው ተረቱንም አልነገሩን። ተረቱ እንኳ ይሻል ነበር፤ ቢያንስ ሰው እንደነበረ ያስታውሳል።

ከሐርላ ደንገጎን ወጥተህ አወዳይን አልፈህ ሐረር ትገባለህ። የቅንፏ ሐረር።

ሐረሪዎች ከተማቸውን ምን እንደሚሏት ታውቃላችሁ? ጌይ። ጌይ ማለት ከተማ ማለት ነው። ራሳቸውን ጌይ ኡሱእ ይላሉ፣ የከተማ ሰው። ቋንቋቸውን ጌይ ሲናን፣ የከተማ ቋንቋ። እኛ ከተማ የምንለው ቃል ከድንኳን መጣ፤ እነሱ ደግሞ የሕዝባቸው ስም፣ የቋንቋቸው ስም ከከተማ መጣ። ይሄ በቅንፍ ውስጥ ይገባል?

ጀጎልን ያሠሩት አሚር ኑር ናቸው፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ። የግራኝ ጦርነት አገሩን አድክሞ ከሄደ በኋላ ነው። ግንቡ ውስጥ ያለው ቦታ 48 ሄክታር ነው። 82 መስጊድ አለበት፤ ሦስቱ የ10ኛው ክፍለ ዘመን ናቸው ይባላል። በ2006 ዩኔስኮ መዘገባት። የጥንቶቹ በሮች አምስት ናቸው። እኛ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በር፣ ፈላና በር እንላቸዋለን። ሐረሪዎች የራሳቸው ስም አላቸው፤ ኤረር በርን አርጎብ በሪ ይሉታል። ግንቡ ሥር ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ፣ ወራበ ኑዱል፣ የጅብ ቀዳዳ። ድሮ በሩ ሌሊት ለሰው ሲዘጋ ቀዳዳው ለጅብ ክፍት ነበር። ቆሻሻውን ጠርጎለት ይወጣል። የከተማ ጽዳት መምሪያ ማለት ነው፣ ያለ ደመወዝ።

እኔ ሐረር ስኳር ሳደርስ መኪናዬ ጀጎል ውስጥ አይገባም ነበር። መተላለፊያዎቹ ሁለት የተጫኑ አህዮች ሲተላለፉ አንዷ ግድግዳ የምትታከክባቸው ናቸው። ሸዋ በር ላይ እቆማለሁ። ወዛደሮች ይመጣሉ፣ አህያ ይመጣል፣ ኩንታሉ እየተከፋፈለ ይገባል። ያኔ እናደድ ነበር። «ምን ዓይነት ከተማ ነው መኪና የማያስገባ?» አሁን ሳስበው ትክክለኛዋ እሷ ናት። እንግዳ ጭነቱን በር ላይ ያራግፋል፤ ውስጥ ያለውን ከተማው ራሱ ይዞራል። ሥራዬን ስጨርስ በመኪና ግርግር አቋርጬ ቡና ፍለጋ እገባለሁ። መንገዱን እንዲህ ያሰኙት የልብስ ሰፊዎቹ መኪናዎች ናቸው፤ ከዚህም ከዚያም ሲያጓሩ ስሙ ገባኝ።

ወደ ባሕሩ ብትወርዱ ደግሞ ዘይላዕ አለች። ዛሬ ሶማሊላንድ ውስጥ ናት። የሞሮኮው ተጓዥ ኢብን ባቱታ በ1330 ገደማ ደርሶባታል። ትልቅ ከተማ፣ ትልቅ ገበያ ያላት ይላል። ከዚያ ግን ተሳደበ። ከዓለም ቆሻሻዋና ግማቷ የከፋ ከተማ እሷ ናት አለ፤ የዓሣው ሽታ፣ መንገድ ላይ የሚታረደው የግመል ደም። ባሕሩ እየተናወጠ እንኳ መርከብ ላይ ማደርን መረጠ። የአሰብ ወደብ ላይ በሐምሌ ሙቀት ሦስት ቀን ወረፋ የጠበቀ ሰው ይሄን ሲሰማ እንደ ወንድሙ ያየዋል። እኔ መኪናው ጣሪያ ላይ ነበር የማድረው። ግን ልብ በሉ፤ ያን ያህል ግመል የሚታረድበት፣ ያን ያህል ዓሣ የሚሸጥበት ቦታ ስንት በላተኛ ቢኖረው ነው? ፖርቱጋሎች በ1517 አቃጠሏት። ባዶ ቦታ ለማቃጠል ማንም መርከብ አይልክም። በመሃል መንገድ ላይ፣ ቦረማ አጠገብ፣ አሙድ የምትባል ፍራሽ ከተማ አለች። ኩርል የሚባል እንግሊዛዊ በ1930ዎቹ ሲያያት ከ200 በላይ የድንጋይ ቤት ነበራት።

«ታዲያ የት ገቡ?» ይሉ ይሆናል ጸሐፊው። ጦርነት ነበር፣ ረሃብ ነበር፣ የሕዝብ ፍልሰት ነበር፤ ሱልጣን ሳድ አድ-ዲን ዘይላዕ ላይ ከተገደለ በኋላ የወላስማዎቹ ማዕከል ወደ ምሥራቅ ሄደ፣ በ1520 ሐረር መቀመጫቸው ሆነች። ይሄን መጻሕፍቱ በደንብ ይናገራሉ። እኔ የምጨምረው በዓይኔ ያየሁትን ነው።

በ1990 ዓ.ም. ግንቦት የአሰብ መንገድ ተዘጋ። ጥይት አልነካቸውም፣ ሰዉም አልሞተባቸውም፣ ግን መንገዱ ላይ የነበሩ ማደሪያዎች በወራት ውስጥ ሞቱ። አንድ የማውቀው ምግብ ቤት ነበር፤ ሌሊቱን ሙሉ ሽሮ የሚፈላበት፣ ጄኔሬተሩ የማይጠፋ። ከጥቂት ዓመት በኋላ በሌላ ጉዳይ ሳልፍ ቆርቆሮው ተነቅሏል። የምድጃው ድንጋይ ቀርቷል። የጎሚስታው ቤት ፊት ለፊት የተቀበሩት አሮጌ ጎማዎች ብቻ በመስመር ቆመዋል። አንድ ልጅ ሲያልፍ «እዚህ ምን ነበር?» አልኩት፤ የማውቀውን ለመጠየቅ ያህል። «እኔ እንጃ» አለኝ። መንገዱ ከተዘጋ ገና አምስት ወይም ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው። ከዚያ በኋላ ኖራ ላይ የቆምኩ ጊዜ ያ ልጅ ነው ትዝ ያለኝ። 600 ዓመት ሲሆንማ!

እንግዲህ የምጠይቃችሁ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ማስተካከያ አውጡ። ረጅም አይሁን፤ ስማቸውን ብቻ እንኳ ጻፉ። አውፋት፣ ኖራ፣ አስበሪ፣ መሳል፣ ገንደበሎ፣ ሐርላ፣ ዘይላዕ። ሐረርንም ከቅንፍ አውጧት። ሁለተኛ፣ ለሚመለከተው አካል ይድረስልኝ። ከደብረ ሲና ወርዶ ወደ አጣዬ በሚወስደው አስፋልት ዳር የፍጥነት ወሰን ሰሌዳ አለ፣ የቢራ ማስታወቂያ አለ፣ የሆቴል ቀስት አለ። «ኖራ» የሚል አንድ ቆርቆሮ ከነቀስቱ ቢተከል ስንት ብር ይፈጃል? እኔ ቀለሙን እችላለሁ።

ጸሐፊውንም አልቀየምኳቸውም፤ አደራ እንዳይመስላቸው። ድሬዳዋ ከመጡ ቤቴ ቤታቸው ነው። ጠዋት ተነስተን ሐርላን እናያለን። ደንገጎን ስንወጣ መስኮት አጠገብ ይቀመጡ፣ እኔ መሃል እሆናለሁ። ጫት የሚቅሙ ከሆነ አወዳይ ላይ ወርደን እንይዛለን። ከሰዓት ጀጎል እንገባለን፣ በእግር። ጫማቸው ግን ምቹ ይሁን፤ የጀጎል ድንጋይ የከተማ ጫማ አይወድም።

አክባሪያችሁ፣
ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሹፌር
ድሬዳዋ